አልወደቅሁም፤ ተቀምጬ ነው

ወላጆቹ በተስቦ ሲሞቱበት ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም ነበር። ጎረቤት በሩን ዘግቶ በመስኮት የሚተያይበት ክፉ ጊዜ ነው። መጀመሪያ አባቱ ሄደ፤ እናቱ ተከተለች። ልጁም ታምሞ ከእናቱ ጎን ተኝቶ ስለነበር ለምን እንደማትመልስለት ሳይገባው ውሃ ስጪኝ እያለ ይለምናት ነበር። ሬሳ ሊያወጡ የመጡት ሰዎች ሁሉም ያለቁ መስሏቸው ብርድ ልብሱን ሲገልጡ ዓይኑን አፈጠጠባቸው። ከመካከላቸው አንዱ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሲል የውሃ በርሜል ጠልፎት ተዘረረ።

ካረጀ በኋላ ይህን ታሪክ ሲያወራኝ የሚስቀው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

«ከሞት ተነስቼ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የሰው ወገብ መስበር ነው» ይለኛል።

ከበሽታው ተረፈ። ያልተረፈው ከአጎቱ ነው።

የእናቱ ወንድም ወደ ቤቱ ወሰደው። አጎትየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን እሱም ሳይጠየቅ ይመሰክርለታል። አልመታውም፣ አላስራበውም፣ ከገዛ ልጆቹ ጋር እኩል አብልቶ እኩል አልብሶታል። ችግር የሚመጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። «ና እስቲ፣ ሰዎቹ ይዩህ» ተብሎ ከጓዳ ይጠራል። መሐል ወለሉ ላይ ይቆማል። አጎቱ እጁን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና «ይኸውላችሁ፣ ወድቆ አግኝቼ ያነሳሁት ልጅ ይሄ ነው» ይላል። እንግዶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አጎቱን ይመርቃሉ። ከዚያ «አመሰግናለሁ በል እንጂ» ይባላል፤ አመሰግናለሁ ይላል፤ ወደ ጓዳ ይመለሳል። የአጎቱ ልጆች ሲጣሉት «አንተ ውዳቂ» ይሉታል። ልጆች ናቸው፤ ቃሉን ያገኙት ከአባታቸው አፍ ነው። ሳይጠግብ ጠግቤአለሁ ማለት የለመደው እዚያ ቤት ነው።

ድምፁ መጎርነን ሲጀምር፣ አንድ ቀን ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ በጓሮ በር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያን ቤት አላየውም።

የተቀበለው ዳቦ ቤት ነው። ተቀበለው ስል አሳዝኗቸው አይደለም። እንጨት የሚሸከም ጠፍቶ ነበር፤ ተሸከም አሉት፤ ተሸከመ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ያለው የለም። እንጨት ከመሸከም እንጨት ወደ መፍለጥ፣ ከመፍለጥ ወደ ማንደድ፣ ከማንደድ ወደ ምድጃው አፍ ደረሰ። እኔ ጫማ ሰፊ ሆኜ ከዳቦ ቤቱ ትይዩ ከሸራ ሥር ስቀመጥ እሱ የምድጃው አዛዥ ከሆነ ቆይቷል። ገና በማለዳ ፍሙን በረጅም ብረት ወደ ዳር ይገፋል፤ የምድጃውን ወለል እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ እርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ ከዚያ አንድ ጭብጥ ዱቄት ወደ ውስጥ በትኖ ይጠብቃል። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ምድጃው ገና መብረድ አለበት፤ ቀስ ብሎ ወርቅ ከመሰለ ሊጡ ይገባል። የምድጃው ወላፈን ቅንድቡን ጨርሶ በላው። ከዚያ በኋላ አልበቀለም። ቅንድብ የሌለው ሰው ፊት ሁልጊዜ የተገረመ ይመስላል፤ የማያውቁት ሰዎች ያልገባው እየመሰላቸው ነገሩን ሁሉ ይደግሙለት ነበር።

ሊጥ የምታቦካ ሴት አገባ። ልጅ አልወለዱም። ከምድጃው ጀርባ ባለችው ክፍል ሲኖሩ አንዱ ግድግዳ የምድጃው ግድግዳ ስለነበር በብርድ ወራት እንኳ በር ከፍተው ነበር የሚውሉት። ሚስቱ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሞተች። እሱም ጉልበቱ ከድቶት ዳቦ የሚያወጣበትን አካፋ ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ ሠራ። የዳቦ ቤቱ ጌታ ሲሞት ሥራውን የወረሰችው ልጁ ናት፤ ስትወለድ ጀምሮ የሚያውቃት፣ አባባ የምትለው። እሷም የዘመኑ ሰው ናትና ዱቄት ማስቀመጫ ስላነሳት ከምድጃው ጀርባ ያለችውን ክፍል አፈረሰቻት። ሜዳ ላይ ልትጥለው አልነበረም፤ መኖሪያ ቤቷ ግቢ ውስጥ የተለቀለቀ ክፍል አዘጋጅታ ጠበቀችው።

«አባባ፣ አልጋው ተዘርግቷል። ልጆቼ አያት የላቸውም፤ ደስ ይላቸዋል።»

«የባልሽ አባትስ የት ሄደ?»

«ሞቷል እኮ አባባ!»

«እንግዲያው እኔም አልቆይም። ልጆቹን ሁለት ጊዜ አታስለቅሻቸው።»

«ቢያንስ ዘበኛ ይሁኑልኝ፤ ዱቄት ቤቱን የሚጠብቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ ሳንቀላፋ እኔን የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ ልትቀጥሪ ነው? ተይ ልጄ። በሥራ ስም አታታልይኝ። አባትሽ እንኳ በእንጀራ አታሎኝ አያውቅም።»

እያለቀሰች ገባች። እሱ ደግሞ ካርቶኑን አነጠፈና ብርድ ልብሱን ይዞ ከዳቦ ቤቱ ውጭ፣ ምድጃው ባለበት በኩል፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ድንጋዩ ሞቃት ነበር። ጀርባውን አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከቤት የወጣ ሰው ሳይሆን ወደ ቤቱ የገባ ይመስል ነበር።

ሰፈሩ ጌታው የሚል ስም ያወጣለት ያን ሰሞን ነው። ለማላገጥ ነበር፤ እሱ ግን ሲጠሩት ኮስተር ብሎ «አቤት» ስለሚል ስሙ የምር ሆነ። ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ደጃፋቸውን ይጠርጋል፤ ሻይ ቤቱ ሻይ ይሰጠዋል፤ ይህን እንደ ሥራ ስለሚቆጥረው ይጠጣል። ከዳቦ ቤቱ ያደረ ዳቦ ይወስዳል፤ ይህን ደግሞ የጡረታ መብቴ ነው ይላል። ከዚህ ውጭ ከሰው እጅ አንዲት ነገር አይቀበልም። አንድ ቀን አንዲት መልካም ሴት አጠገቡ ሙዝ አስቀምጣ ስታልፍ «እሜቴ! ዕቃ ጥለዋል!» ብሎ እየጮኸ መንገደኛውን ሁሉ አስቆመው። ሴትዮዋ ተመልሳ ሙዟን ይዛ ሄደች። ምን ታድርግ? ሌላ ቀን ደግሞ ነዋሪ የሚመዘግብ ሰው መጥቶ በትሕትና «አባት፣ የት ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ጠየቀው።

«ይኸው ተቀምጬ እያየኸኝ!»

«ማለቴ፣ የት ነው የሚኖሩት?»

«ቁጭ ብዬ ነው የምኖረው። አንተ ቆመህ ነው የምትኖረው?»

እኔ ማዶ ሆኜ በሳቅ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ግን የሚያስቀው ዘመን አጭር ነበር። ባለዳቦ ቤቷ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባች። የድሮው ፈረሰ። ጡቡ ሲወጣ ቆሞ አየው። ያን ማታ ጀርባውን ያስደገፈበት ድንጋይ እንደማንኛውም ድንጋይ ነበር። ክረምቱ እየገባ ነው። ግራ እግሩ ላይ የነበረው የቆየ ቃጠሎ አመረቀዘ፤ ሽታው እኔ ዘንድ ይደርስ ጀመር። ሳሉም ደረቱን እያንኳኳ ነው። ሕፃን እንኳ ይረዳዋል፤ ይህን ክረምት እዚያ ግድግዳ ሥር ከሰነበተ አይወጣውም።

እንዲህ ሳለ ነው የማኅበሩ ሴት የመጣችው። ማኅበሩ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚሰበስብ ነው። ሴትዮዋ በሥራዋ የታወቀች፣ ቁስል በእጇ አጥባ የማትጸየፍ፣ ለታይታ የማትሠራ ሰው ናት። በርከክ አለችና እጁን ያዘች።

«አባቴ፣ ከወደቁበት ልናነሳዎት ነው የመጣነው።»

እነዚያ ሰዎች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። የሥራቸው ቋንቋ ነው፤ የወደቀን ማንሳት። መኪናቸው ጎን ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ክፋት የለውም። እሱ ግን እጁን ነጠቃት።

«ማነው የወደቀው?»

«አይ፣ ማለቴ...»

«ወድቄ አየሽኝ? አልወደቅሁም፤ ተቀምጬ ነው። የወደቀ ዕቃ ከፈለግሽ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ረፋዱ ላይ ይመጣል። ከሱ ጋር ተነጋገሪ።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ እንደ ወላጄ አይቼዎት ነው።»

«አባትሽንም ወድቆ ነው የምታዪው?»

ፊቷ ልውጥ አለ። ተነሥታ ስትሄድ የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ ኖሮ እኔ ዘንድ ቁጭ አለች። እየሰፋሁላት የአጎቱን ቤት ታሪክ ነገርኳት። ጉንጯን ይዛ አዳመጠችኝ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ሰው ሰውን ቤቱ ሲጠራ እንዴት ነው የሚጠራው? እንደዚያ ጥሪው። ማንሳት የምትለውን ቃል ግን እባክሽ እዚህ ተያት።»

ሰነበተችና ተመለሰች፤ በእግሯ፣ ብቻዋን።

«አባቴ፣ ነገ ምሳ ቤታችን እንዲመጡልኝ ልጠራዎት ነው። ደስ ካላለዎት ይመለሳሉ። ሩቅ አይደለም፤ በእግርዎ ነው የሚመጡት።»

ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ቅንድብ ስለሌለው ምን እንዳሰበ አይታወቅም።

«ምሳው ምንድነው?»

«ሾርባ በዳቦ።»

«ዳቦው የማን ነው?»

«ከዚሁ ነው የምንወስደው፣ ከዳቦ ቤቱ።»

«የኤሌክትሪኩ? እሱስ ጥጥ ነው። ሾርባውን እጠጣለሁ።»

በማግሥቱ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን አራግፎ፣ እኔን ደግፎ ሄደ። አንድ ምሳ ሁለት ሆነ። ከዚያ ዝናብ ያዘውና አደረ። እግሩን አጠቡለት፤ ሽታው ጠፋ። መስኮት ሥር አልጋ ሰጡት። ልጠይቀው ስሄድ ከምግብ አብሳዩ ጋር ሲጨቃጨቅ አገኘዋለሁ፤ ሾርባው ጨው በዝቶበታል፣ የዳቦው ቅርፊት እንደ ወረቀት ነው፣ እሳት የማያውቅ ሰው ወጥ ቤት መግባት የለበትም። ምግብ አብሳዩ «ጌታው፣ ቅንድብዎ ሲበቅል ያን ጊዜ ያዝዙኛል» ይለዋል። ይስቃሉ። ሳሉ ቀለለ። እኔም በልቤ ይሄ ሰው ክረምቱን ሊሻገር ነው አልኩ። ሴትዮዋ ለሠራተኞቹ ሁሉ ተናግራ ነበር፤ እኚህን ሰው እንግዳ በሏቸው፣ ሌላ ቃል እንዳትናገሩ ብላ። ለሁሉም ተናግራለች፤ ያልተናገረችው ለማኅበሩ ሰብሳቢ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ስለሌለ ይደርሰዋል ብላ አላሰበችም።

የጎብኝዎች ቀን ሆነ። እኔ በአጋጣሚ ልጠይቀው መጥቼ ነበርና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ንጹሕ ልብስ በለበሱ ሰዎች ሞልቷል። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ከፊት ተደርድረዋል። ሴትዮዋ የታመመች አሮጊት ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሰብሳቢው ለስለስ ያለ አንደበት ያለው ሰው ነው። ስለ ማኅበሩ ከተናገረ በኋላ ዓይኑ ድንገት እሱ ላይ አረፈ።

«ለምሳሌ እኚህ አባት፣ ዳቦ ቤት ግድግዳ ሥር ወድቀው ነው ያነሳናቸው። እስቲ አባቴ፣ ይነሱና እንግዶቹ ይዩዎት።»

 ይሳደባል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ቢሳደብ ኖሮ እሰየው ነበር። ጌታው ግን ቀስ ብሎ ተነሣ። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች። እሱም እጆቹን ከፊቱ አጣጥፎ፣ ከእሱ ሰምቼው የማላውቀው ቀጭን የልጅ ድምፅ አውጥቶ «አመሰግናለሁ» አለ። አጨበጨቡ።

ከዚያ ወጣ። ተከትዬው ስደርስ የሰጡትን ብርድ ልብስ አራት አጣጥፎ አልጋው ላይ አስቀምጧል። የሰጡትን ሹራብ አውልቆ ከላዩ አድርጎበታል። የሰጡትን ጫማ አልጋው ሥር አስተካክሎ አቁሞታል። በባዶ እግሩ ነው።

«ኧረ ወዴት ነህ አንተ ሰው!»

«ወደ ቤቴ።»

«ግድግዳው ቀዝቅዟል እኮ!»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሲቀዘቅዝ ነበርኩ።»

እየዘነበ ነበር። የፋሻው ጫፍ ተፈትቶ ጭቃ ውስጥ ይጎተታል። ክንዱን ስይዘው አልከለከለኝም፤ የጓደኛ እጅ ይቀበል ነበር። ግድግዳው ሥር ስንደርስ ካርቶኑን ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ወስዶታል። ባለዳቦ ቤቷ ሮጣ ሌላ ካርቶን አመጣችለት፤ በዚያ ዝናብ ማድረግ የቻለችው ይህን ብቻ ነው። አነጠፈው። ተቀመጠ።

የማኅበሩ ሴት ያን ቀን አመሻሹ ላይ መጣች። ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሰብሳቢው አላወቀም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይማሩኝ ብላ አለቀሰች። በዚያች ሰዓት እሷን እንደ በፊቱ ቢያበሻቅጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ራሷን ዳሰሳት።

«ተነሽ ልጄ፣ ልብስሽ ተበላሸ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሰውየውም አላጠፋም። ጥሩ ሰዎች ናችሁ።» ከዚያ «አጎቴም ጥሩ ሰው ነበር» አላት።

ከዚያ በኋላ ማንም እሺ አላሰኘውም። የማኅበሩ ሴት ሐኪም ይዛለት መጣች፤ እሱ የሐኪሙን የራሱን ጤና ጠይቆ ሸኘው። ባለዳቦ ቤቷ አራት ጎረምሶች አምጥቼ በግድ አሸክመዋለሁ ስትል እኔ ነኝ ያስቆምኳት፤ ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። አንድ ነገር ብቻ ይቀበለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ባለዳቦ ቤቷ ዘንድ ከቆየው የድሮ ጫማው አንዱን እግር ይዞ ወደ ሸራዬ ይመጣል፤ ጫማው ምንም አልሆነም፤ ደንበኛ ስለሆነ ግን የደንበኛ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔም ያልተበጠሰውን ክር ፈትቼ መልሼ እሰፋዋለሁ። ጥድፊያ የለኝም። እስኪሞቀው ድረስ እሰፋለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ያገኘችው ባለዳቦ ቤቷ ናት፤ ጠዋት ሱቅ ልትከፍት ስትመጣ እንደተቀመጠ፣ ጀርባው ግድግዳውን እንደተደገፈ። በሰፈሩ ብዙ ተባለ። አንዳንዱ ኩሩ ሽማግሌ፣ ራሱን በራሱ ገደለ ይላል። አንዳንዱ ወንድ ነው ይላል። የሁለቱም ወሬ ያናድደኛል። እግሩ ሲሸት እዚያ አልነበሩም፤ ሲስቅም እዚያ አልነበሩም። የማኅበሩ ሴት ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ አታልፍም።

እኔም ከመሞቱ በፊት ተናድጄበት አውቃለሁ። አንድ ቀን ያን ደህና ጫማ ጭኔ ላይ አድርጌ እየሰፋሁ፣ እሱ እያሳለው፣ ሳሉ ደም እንደቀላቀለ በመሐረቡ ላይ አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ።

«አንተ ሰው፣ ለአንዲት ቃል ብለህ ልትሞት ነው?»

መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዝናቡን አየ።

«ለቃል አይደለም» አለኝ። «ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዳቦ ጋግሬአለሁ። ይህ ሰፈር፣ አንተም ጭምር፣ እኔ ከእሳት ያወጣሁትን እየበላ ነው የኖረው። ሰዉ ከፊት በመስኮቱ ይወስዳል፤ እኔ ከኋላ ነኝ፣ አያዩኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ አያውቁኝም። ስንቱ ሕፃን ድዱን ያሸው በኔ ቅርፊት ነው! አንዱም ግን አንገቱን አልደፋልኝም። አንዱም መሐል ወለል ላይ ቆሞ አመሰግናለሁ በል አልተባለም። በላ፣ ፍርፋሪውን ከልብሱ ላይ አራገፈ፣ ሄደ። እኔ በዚህ ዓለም ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። ሰው ሲበላ እንደዚያ ነው መብላት ያለበት።»